ከበሩ ውጭ የተጣለው

ከጫካው ጥግ በነበረው በረት ሁሉም ነገር በሥርዓት ነበር። ላሞች ቀድመው ይሰማራሉ፣ በጎች ይከተላሉ፣ ፍየሎች ደስ ያላቸውን ያደርጋሉ፤ አህዮች ደግሞ ሌላው የማይወደውን ሥራ ይሠራሉ። የሁሉ አለቃ አንገተ ወፍራሙ ኮርማ ነው። በበረቱ የሞተ ሲኖር ሬሳውን እስከ ሩቁ ገደል ጎትቶ መጣል የአህዮች ድርሻ ነበር። አያ ጅቦም እዚያው በልቶ እዚያው ስለሚያድር ወደ በረቱ የሚያመጣው ጉዳይ አልነበረውም።

ነገሩ የተበላሸው በክረምት ነው። መንገዱ ጨቀየ፣ አህዮቹም አቤት አሉ። ኮርማው ጉባኤ ጠራና «ምን አደከመን? ከበሩ ውጭ እንጣልለት። ከጠገበ ወደ ውስጥ ምን ያመጣዋል?» አለ። ጉባኤው እንደ ልማዱ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ዳልቻ የምትባለው አህያም ደስ አላት፤ እርጉዝ ስለ ነበረች ከመጎተት መገላገሏን ብቻ ነው ያሰበችው።

ከወለደች በኋላ ግን ሰላም አጣች። ጅቡ በመጀመሪያ በጨለማ መጥቶ በልቶ ይሄድ ነበር። ቆይቶ ሲመሽ መምጣት ጀመረ፤ ኋላማ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ላይ ተጋድሞ የሚጠብቅ ሆነ። የሚሞት ሲጠፋ አጥሩን በአፍንጫው ይገፋል። የዳልቻ ውርንጭላ አንድ እግሩን ያነክሳል። ጅቡ በአጥሩ ቀዳዳ ያንን እግር በዐይኑ ሲከተል አየችው፤ ከዚያ ወዲያ እህል ውኃ አላሰኛትም።

ጉባኤው እንደገና ተሰበሰበ።

«ጌታዬ፣ ያስለመድነው እኛው ነን» አለች ዳልቻ። «አጥንቱን ጠራርገን ወደ ገደሉ እንመልስ። በሩ ላይ ምንም አይጣል። ይጮህብን ይሆናል፤ ሲሰለቸው ይሄዳል።»

«ቢቆጣስ?» አለ አንድ ሙክት።

«ይቆጣ። አሁን ተደስቶ እንኳ እንዴት እንደሚያየን አየህ አይደል?»

ኮርማው የዳልቻን ትጋት አመሰገነና ጉዳዩ ረጋ ተብሎ መታየት እንዳለበት ተናገረ። ይሁን እንጂ በጎቹ በጣም ፈርተው ስለ ነበር ሐሳቧ አለፈ። ማን ይጎትት ሲባል ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤ አጥንቱን በጭቃው ውስጥ ብቻዋን ጎትታ ጨረሰች።

ጅቡ ጮኸ። አጥሩን እየዞረ በረቱን እንቅልፍ ነሳው። ቀስ በቀስ ግን ጩኸቱ እየራቀ ሄደ፤ ዳልቻም ልጇን አጠገቧ አስተኝታ ዐይኗን መክደን ቻለች። ደስታዋ ሳይውል ሳያድር ጅቡ ተመለሰ። ምን እንደሳበው ግራ ገባት።

አመሻሹ ላይ በሩ ሲንቋቋ ሰምታ ሄደች። ኮርማው አሮጌ ቆዳ በቀንዱ አንጠልጥሎ እየወጣ ነው። ውርንጭላዋም እያነከሰ ተከትሏት መጣ።

«ምን እያደረጉ ነው ጌታዬ?»

«ሰላም እያስጠበቅሁ። አንቺ ይህ አይገባሽም» አለ። «እናንተን ቢጠላ እንኳ እኔን ያውቀኛል። አለቃ የሆነ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ወዳጅ ያስፈልገዋል።»

ይህን ብሎ ወጣ። ዳልቻ በሩን ዘግታ መወርወሪያውን አስገባች። ተንኮል አስባ አይደለም፤ ልጇ ከኋላዋ ስለ ቆመ ነው።

ጅቡ ከቁጥቋጦው ወጣ። ቆዳውን አሸተተው፤ ደርቋል። ረግጦት አለፈና ኮርማውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። ኮርማው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ጀርባው ከበሩ ጋር ተጣበቀ።

«ዳልቻ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ክፈቺልኝ፣ እናቴ።»

በረቱ ውስጥ ላሞቹም በጎቹም ነቅተዋል፤ ሁሉም ሰምቷል። ማንም አልተነሣም።

«እማዬ፣ ማነው?» አለ ውርንጭላው።

ዳልቻ ትከሻዋን መወርወሪያው ላይ አስደግፋ ቆመች።