ላም ሆና የተመዘገበችው ሴትዮ

አንዲት ገበሬ ነበረች አሉ። ላሟን ቀበሌ ለክትባት አስመዝግባ ስታበቃ፣ ለራሷ መታወቂያ ልታወጣ እዚያው የቀበሌው ኃላፊ አቶ ደግፌ ፊት ቀረበች። ያለ መታወቂያ ማዳበሪያ አይሰጣትም። አቶ ደግፌ ግን የላሟን ቁጥር ከኮምፒውተሩ ገጽ አናት ላይ ሳያጠፉ የሴትዮዋን ስም ሞልተው ላኩትና፣ የሚቀጥለው ገጽ ያንኑ ቁጥር ይዞ ተከፈተ።

«ላም ነሽ ይላል» አሏት።

«ኧረ በእመቤቴ! ላሜማ ደጅ ታስራ ቆማለች፤ ወጥተው ይዩዋት!»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም! ለከብት መታወቂያ የለም፤ ማዳበሪያም የለም!»

ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የቢሮው ምንጣፍ መሃል ቆመች።

«እሺ ጌታዬ። ላም ከሆንኩማ ማዳበሪያ ምን ያስለምነኛል? ትንሽ ይታገሱኝ፣ እዚሁ ምንጣፍዎ ላይ አዘጋጃለሁ።»

ቀሚሷን ሳትለቅ መታወቂያዋ ታተመ።