እመቤታችን የጥልፍ ሠሪዋን ቅናት እንዳራቀችና ፓስፖርቱን ከረመጥ እንዳተረፈች

የአምላክ እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በደብረ ታቦር ለነበረች፣ ዘርትሁን ለምትባል ጥልፍ ሠሪ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ጸሎቷ ከሚያነበውም ከሚሰማውም ጋር ይሁን፤ አሜን።

ይህች ዘርትሁን፣ የክርስትና ስሟ አመተ ማርያም፣ ባሏ በወጣትነቱ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች፣ የካህናትን ካባና የታቦት ጥላ በወርቅ ክር እየጠለፈች የምትኖር ሴት ነበረች። እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞራ ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር፤ «ሰላም ለኪ» ብላ ሳታመሰግን መርፌ ላትጨብጥ ተስላ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስእለቷን አንድ ቀን ሳታጓድል ኖረች።

ከእርሷም ጋር ማንያህልሻል የምትባል ሴት ትሠራ ነበር፤ ይህችም በሃያ ዓመት የምታንሳት፣ ገና በልጅነቷ መጥታ የመርፌ አያያዝ ከእርሷ የተማረች፣ ባልና አራት ልጆች ያሏት ናት። ዘርትሁንም እንደ ልጇ ትወዳት ነበር፤ ነገር ግን የማንያህልሻል እጅ እየተባረከ ሄደና፣ የአጎራባቹ ደብር አለቃ ጥላ ሊያሠሩ በመጡ ጊዜ መምህሯን አልፈው «ይህንስ አንቺው ሥሪልን፤ ያንቺ ስፌት ይረቃል» አሏት። በዚያች ሰዓት በዘርትሁን ልብ እንደ እሾህ ያለ ነገር ተሰካ፤ እርሷም ቅናት መሆኑን ልታምን አልወደደችምና ለንስሐ አባቷ እንኳ ሳትናገረው ቀረች።

ከዚያም ከባሕር ማዶ ካለች አንዲት አገር የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ያዘጋጁ ሰዎች፣ ከነሐሴ ሃያ ጀምሮ ለስምንት ቀን ጥላቸውን ይዘው መጥተው እንዲያሳዩ ለሁለቱም የግብዣ ደብዳቤ ላኩላቸው። እነርሱም ደስ ብሏቸው የባንኩንም የቀበሌውንም ወረቀት አሟልተው ወደ አዲስ አበባ ወረዱና፣ ወደዚያች አገር ኤምባሲ ገብተው አሻራ ሰጡ፣ አንድ በአንድም በመስኮቱ ፊት ቆመው ተጠየቁ። ማንያህልሻልን «ልጆችሽን ለማን ትተሽ ትሄጃለሽ?» ቢሏት ሳቀችና «ለአባታቸው፤ ከስምንት ቀን በላይ ግን አይችላቸውም» አለቻቸው። ዘርትሁንን ግን «ባል አለሽ?» አሏት፤ «ሞቷል» አለች። «ልጆችስ?» ቢሏት «እግዚአብሔር አልሰጠኝም» አለች፤ ጸሐፊውም አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

ማንያህልሻል የምታጠባው ሕፃን ነበራትና ፓስፖርቷን እንድትቀበልላት ለዘርትሁን ውክልና ሰጥታ ቀድማ ወደ አገሯ ተመለሰች። ዘርትሁንም በዘመዶቿ ቤት ሦስት ሳምንት ቆይታ ሄደችና ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ተቀብላ ከበሩ ሳትርቅ ቆማ ከፈተቻቸው፤ በማንያህልሻል ፓስፖርት ላይ ቪዛው ተለጥፎ ነበር። በእርሷ ፖስታ ውስጥ ግን አንድ ወረቀት ነበረና ለጥበቃው ሰጥታ አስነበበችው፤ እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጉብኝትዎን ሲጨርሱ ወደ አገርዎ የሚመልስዎ ነገር ስለ መኖሩ በቂ ማስረጃ አላቀረቡም ይላል፤ አይዞዎት እናቴ» አላት።

ዘርትሁንም በአውቶቡስ ተሳፍራ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ በልቧ «ባል ለእርሷ፣ ልጅ ለእርሷ፣ የአለቃው ምርጫም ለእርሷ፤ አሁን ደግሞ መንገዱም ለእርሷ ሆነ። መካንነቴንስ ጎረቤት ሲያማው ይኖር ነበር፤ የባዕድ አገር ሰው ደግሞ በማኅተም አጸደቀው» ትል ነበር። ደብረ ታቦርም በደረሰች ጊዜ ማንያህልሻል ሕፃኗን እንዳዘለች ሮጣ ተቀበለቻትና «እትዬ፣ እንዴት ሆነልን?» አለቻት፤ እርሷም ዓይኗን ሳታነሣ «ሁለታችንንም ከለከሉን፤ ያንቺን ፓስፖርት ለጊዜው ይዘውታል፤ ኋላ እንልካለን ብለዋል» አለቻት።

ማንያህልሻልም «እኔስ ይቅርብኝ፤ መታየት የነበረበት የአንቱ እጅ ነው። እኔ የማውቀው ሁሉ ከአንቱ ያገኘሁት አይደል?» አለችና ጓዟን ተሸክማ እስከ ቤቷ አደረሰቻት። ይህም ቃል ለዘርትሁን እንደ መድኃኒት ሊሆናት ሲገባ እንደ ሬት መረራት፤ ብቻዋንም በሆነች ጊዜ ፓስፖርቱን አውጥታ ብታየው የማንያህልሻል ፎቶግራፍ ከቪዛው ላይ ትክ ብሎ ተመለከታት፤ መታየቱንም አልቻለችምና ከምድጃው ፍም ውስጥ ከትታ በረመጥ ከደነችው፤ ለጾመ ፍልሰታም ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱም እንደ ልማዷ ወደ ምሥራቅ ዞራ ጸሎት ጀመረችና «ቡርክት አንቲ እምአንስት»፣ ከሴቶች ተለይተሽ የተባረክሽ ነሽ፣ ከሚለው ስትደርስ ልሳኗ ታሠረ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እንደገናም በዚያው ቃል ላይ ታሠረ። ጎረቤት ስትጠራ፣ ውሻ ስትገሥጽ አንደበቷ ይፈታል፤ ከዚያ ቃል ስትደርስ ግን እንደ በድን ይሆንባታል። ስእለቷንም ማፍረስ ፈራችና መርፌ ሳትጨብጥ ቀን ቆጠረች፤ በዚያም ምድጃ ደግማ እሳት ለማንደድ እጇ አልታዘዘላትምና ጾሙ ሲገባ ቆሎ እየቆረጠመች፣ ውኃ እየጠጣች ትውል ጀመር።

ነሐሴ ሰባትም እመቤታችን የተፀነሰችበት በዓል በሆነ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ሲወጣ ዘርትሁን በሴቶች መቆሚያ በዐምዱ ሥር ቀርታ ታለቅስ ነበር። እነሆም አንዲት ሴት፣ ፊቷ የወጣት የሆነ፣ አነጋገሯ ግን የእናት፣ በአጠገቧ ተቀመጠችና «ሰው ሁሉ ሲያመሰግን አንቺ ስለ ምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

«እኅቴ፣ ከአንዲት ቃል ማለፍ አቃተኝ» አለች ዘርትሁን።

ያችም ሴት «ያች ቃል የዘመዴ የኤልሳቤጥ ናት» አለቻት፤ «እርሷ አርጅታ ነበር፤ መካንም ትባል ነበር። ከእርሷ በብዙ ዓመት የማንስ እኔ፣ ከእርሷ የሚበልጥ ጸጋ ተሸክሜ በደጇ ስቆም፣ ስለ ምን ለእኔ አልሆነም አላለችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ባረከችኝ እንጂ። አንቺ ቃሏን ሃያ ስድስት ዓመት ተበድረሽ አመሰገንሽኝ፤ አሁን ልቧንም ተበደሪ። ሂጂና ለዚያች ልጅ እውነቱን ንገሪያት።» ይህንም ብላ ተሰወረች፤ ዘርትሁንም እመቤታችን መሆኗን ዐውቃ በግንባሯ ተደፋች።

ከዚያም ተነሥታ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ማንያህልሻል ቤት ሄደችና ከደጃፉ ቆማ «ለአንቺ ፈቅደውልሽ ነበር፤ የከለከሉት እኔን ብቻ ነው። ቀናሁብሽና ፓስፖርትሽን ከእሳት ከተትሁት» አለቻት። ማንያህልሻልም ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀች። «እኔ ለአንቱ ሳዝን፣ አንቱ እሱን በብብትዎ ይዘው ነበር?» አለች። ዘርትሁንም «አዎን» አለች። ማንያህልሻልም «ይምጡ፤ ያቃጠሉበትን ያሳዩኝ» አለቻት።

ሄደውም ዘርትሁን በምድጃው ፊት ተንበርክካ አመዱን በእጇ ገለጠች፤ ፓስፖርቱም ከሥሩ እንደ ተቀመጠ ተገኘ፤ ከቅጠሎቹ አንዲቱም አልተጠበሰችም፤ የቪዛውም ቀለም አልደበዘዘም። ማንያህልሻል ገልጣ አየችና ተቀመጠች፤ ቀኑን ብትቆጥረው ለጉዞው ገና አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ የዘርትሁን ልሳን ተፈታና ፊቷን ወደ ማንያህልሻል እንዳደረገች ጸሎቱን እስከ ፍጻሜው ደገመችው። ማንያህልሻል ግን በዚያ ቀን አልሳመቻትም፤ በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን አምጥታ በዘርትሁን ጭን ላይ አስቀመጠችና «እኔ እስክመለስ ይህን ማን ይያዝልኝ?» አለቻት፤ በዚህም ዘርትሁን መታረቃቸውን ዐወቀች።

ማንያህልሻልም የሁለታቸውን ጥላ ይዛ ሄደች፤ በስምንተኛውም ቀን ጨርሳ በደኅና ተመለሰች። ዘርትሁንም ልጆቹን ስታበላ፣ ስታጥብ፣ ስትገላግል ሰነበተች፤ ማንያህልሻል የተሳፈረችበት አውቶቡስ በተነሣ ጊዜ ያ እሾህ በልቧ አንዴ ወግቷት ነበርና ለንስሐ አባቷ ይህን አልደበቀችም። እርሳቸውም «ልጄ፣ እሾህ ተነቅሎም ቦታው ይቆረቁራል፤ ጸልዪ» አሏት።

ሦስት ዓመትም ካለፈ በኋላ ዳግመኛ ተጋበዙና ዳግመኛ አመለከቱ፤ ዘርትሁንን ዳግመኛ ከለከሏት። በዚያም ቀን ሁለቱ በኤምባሲው በር አብረው ቆመው ነበርና፣ ዘርትሁን የራሷን ወረቀት ሰምታ ሳትጨርስ «ማንያህልሻል፣ ላንቺስ ሰጡሽ?» አለቻት። «ሰጡኝ፣ እትዬ» ባለቻት ጊዜ በመንገዱ መካከል፣ ተሰልፎ በቆመው ሕዝብ ፊት እልል አለች። የደብሩም አረጋውያን ይህን ሲሰሙ «ወረቀት ከእሳት ከወጣበት ተአምር ይህ ይበልጣል» አሉ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገኑ።

እኛንም ይህን የሰማነውን ሁሉ እመቤታችን በምልጃዋ ከቅናት እሳት ትሰውረን፤ መንገድ ለሚለምን መንገዱን ታቅናለት፤ በሩ ለተዘጋበትም በወንድሙ በር መከፈት ደስ የሚለው ልብ ትለምንለት፤ ለዘለዓለሙ አሜን።