የሽንኩርት ማሳው ሞተር

ተረት ልንገራችሁ? «እህ» በሉኝ እንጂ! እህ የማይል አድማጭ አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ብረትም እንደ እንስሳ አፍ በነበረው ጊዜ፣ እመት ጦጣ የምትባል እሽቅድድም ወዳጅ ነበረች። አንዲት ትንሽ የመወዳደሪያ ሞተር ሳይክል ነበረቻት። መብራት የላት፣ ታርጋ የላት፣ ሥራዋ በክብ ሜዳ ላይ መዞር ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በውድድር መሃል ሞተሯ ነደደ። እመት ጦጣ እንደሱ ያለ ሞተር ሁለት ክረምት ሙሉ ፈልጋ አጣች። በመጨረሻ ለሽንኩርት ማሳ ውሃ ይስብ የነበረ የፓምፕ ሞተር አምጥታ ገጠመችላት። ሞተሩ ሲነሳ ቀርፋፋ ነው፤ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይግልም።

የሞተር ሳይክሏ አጽም፣ ሻንሲዋ፣ ናቀችው። «አንተ ሽንኩርት አጠጪ! እኔ ላይ ለመቀመጥ በቃህ?» ትለዋለች። ሞተሩ ሥራውን ይቀጥላል። ብትሰድበውም ይሮጣል፣ ብትስቅበትም ይሮጣል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት ሮጡ። እመት ጦጣም አረጀች፤ ወገቧን ያማት ጀመር። ቅዳሜ ወደ ቆላ፣ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ሆነ። ሞተር ሳይክሏን ይዛ መሄድ ስለማትችል ልትሸጣት ቆረጠች። ይህን የሰማው ቁራሌው አያ ጅብ የአሮጌ ብረት መሰብሰቢያ ማዳበሪያውን ይዞ መጣ።

«እስከ ቅዳሜ ገዢ ካጣሽ ቆራርጬ እወስዳታለሁ» አለ።

እመት ጦጣ ደነገጠችና ደላላውን ቆቅ ጠራችው። ቆቅ ሞተሩን ቀይ ቀለም ቀባው።

«ወሬውን ለእኔ ተዪው። ሞተሩ ተቀይሯል የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። አንተም ዝም በል!» አለው ሞተሩን።

ሐሙስ አያ ከርከሮ መጣ።

«ሞተሩ የራሷ ነው?»

«ከነእሱ ነው የተወለደችው!» አለ ቆቅ።

ከርከሮ አስነስቶ መዞር ጀመረ። ሞተሩ እንደታዘዘው ዝም አለ። ግን በሜዳው ዳር ቦይ ነበር። ሞተሩ የውሃ ድምፅ ሲሰማ ዓመሉ አስቸገረውና «ቱቦውን ክተቱ! ውሃ መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ከርከሮ ዘሎ ወረደ። «ሞተር ሳይክል ልገዛ መጥቼ ፓምፕ ልትሸጡልኝ!» ብሎ ጥሏቸው ሄደ። ወሬውንም በየሜዳው አዳረሰው።

ዓርብ እመት ሰጎን መጣች።

«ሰምቻለሁ፣ አትድከሙ። ሻንሲዋን ወድጃታለሁ። ሞተሩን አውጥታችሁ ለአያ ጅብ ስጡት፤ እኔ ሌላ እገጥምላታለሁ» አለች።

ቆቅ በደስታ ክንፉን አማታ። ጅብ ማዳበሪያውን ዘረጋ። እመት ጦጣም መፍቻ አነሳች። የመጀመሪያው ብሎን ሲላላ ሻንሲዋ ጮኸች።

«ተዪው! የራሴ ሞተር የነደደ ጊዜ ሁለት ክረምት የዶሮ ማደሪያ ሆኜ ከርሜአለሁ። ወንበሬ ላይ እንቁላል ተጥሎበታል! ከዚያ ያነሳኝ ይኸው ሽንኩርት አጠጪ ነው። እሱን ለጅብ ሰጥቼ መሮጥ አልፈልግም።»

ሞተሩ ገረመው። «እኔ እኮ የምትጠዪኝ ይመስለኝ ነበር» አላት።

«ጠልቼህም ነበር» አለችው።

እመት ጦጣ አፈረች፤ ብሎኑን መልሳ አጠበቀችው። ሰጎንም «ደረቆች!» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ቅዳሜ ጠዋት እመት ጦጣ ጓዟን አሰረች። ጅብ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል። በዚህ መሃል አያ ጃርት መጣ። ቆቅ አፉን ሲከፍት እመት ጦጣ ቀደመችው።

«አንተ ዝም በል፤ ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው። አያ ጃርት፣ ሞተሩ የራሷ አይደለም። ከሽንኩርት ማሳ ነው የመጣው። ሲነሳ ሁሉም ይቀድመዋል። ውሃ ሲሰማ ይጮኻል። ግን በስድስት ዓመት አንድ ቀን ግሎ አያውቅም።»

ቆቅ በክንፉ ፊቱን ሸፈነ። ጅብ ተነሳ። ጃርት ግን ወደ ሞተሩ ጠጋ አለ።

«እስካሁን ሦስት ሞተር ሳይክል ገዛሁ፤ ሦስቱንም ‹የራሷ ሞተር ነው› እየተባልኩ ነው። ሦስቱም መጨረሻው ዙር ላይ ነደዱብኝ። እስከ ዛሬ ጉድለቱን የነገረኝ ሻጭ የለም። የነገርሽኝን ሁሉ ውሉ ላይ ጻፊልኝ፤ እገዛለሁ» አለ።

ውል ያለ ሦስት እማኝ አይሆንምና ቆቅ እማኝ ሆኖ ቆመ፤ በመንገድ ታልፍ የነበረች ኤሊም ቆመች። ሦስተኛ ሲጠፋ አያ ጅብ እያጉረመረመ ፈረመ። እመት ጦጣም ውሉን ጮክ ብላ አነበበች።

«ሞተሩ የሽንኩርት ማሳ ፓምፕ ነበር። ቀርፋፋ ነው። ውሃ ሲሰማ ይጮኻል። አይግልም።»

ሞተሩ ስለ ራሱ እውነቱ በእማኞች ፊት ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ደስ አለው። «እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

ደገመችለት።

የምትሸጡት ነገር ካላችሁ ጉድለቱን እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ። የናንተን ቀርፋፋ ሲፈልግ የኖረ አንድ ጃርት አይጠፋም። እኔ ጨረስኩ፤ ተረኛው ይናገር።