ለታፈረ የሚመሰክር ወረቀት

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ድምፄ ሩቅ አይሄድም።

ታፈረ የሚባል አንድ ታራሚ ነበረ። ማረሚያ ቤት ሲገባ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ትምህርት ቤት ተመዝግቦ፣ ከ«ሀ» ጀምሮ፣ በአርባ ሁለት ዓመቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን አለፈ። አሁን የሚፈልገው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እሑድ እናቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ምስክር ወረቀቱን በእጁ መያዝ።

«እናቴ ፍርድ ቤት ቁጭ ብላ፣ ሦስት ምስክር ሲመሰክርብኝ ሰምታለች» ይላል። «አልዋሹም፤ ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ። ግን አንድ እንኳ የሚመሰክርልኝ ትስማ።»

ዓርብ ጠዋት ጠባቂ ፖሊስ አጅቦት ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደ።

«መምህር፣ ወረቀቴን ይስጡኝ። እናቴ እሑድ ትመጣለች።»

«ተጽፎ አልቋል፣ ይኸውልህ። ማኅተም ግን የለውም። ያለ ማኅተም አልሰጥም።»

ታፈረ ወደ ማኅተም ያዥዋ ሄደ።

«እትዬ፣ ማኅተም ይምቱልኝ። ርዕሰ መምህሩ ያለ ማኅተም አልሰጥም አሉ፤ እናቴም እሑድ ትመጣለች።»

«ደብዳቤህስ? ያለ ደብዳቤ አልመታም።»

ወደ ጸሐፊዋ ሄደ።

«እህቴ፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ማኅተም ያዥዋ ያለ ደብዳቤ አልመታም አሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ያለ ማኅተም አልሰጥም አሉ፤ እናቴም እሑድ ትመጣለች።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «የመዝገብ ቁጥርህ ስንት ነው?» አለችው።

«አላውቀውም።»

«ስምንተኛ ክፍል ያለፈ ሰው ቁጥሩን አያውቅም?» ብላ ሳቀችበት። «ያለ ቁጥር አልጽፍም።»

ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። እዚያ ያሉት ሽማግሌ በአቧራው እያስነጠሱ ተቀበሉት።

«ጋሼ፣ ቁጥሬን ይንገሩኝ። ጸሐፊዋ ያለ ቁጥር አልጽፍም አለች፤ ማኅተም ያዥዋ ያለ ደብዳቤ አልመታም አሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ያለ ማኅተም አልሰጥም አሉ፤ እናቴም እሑድ ትመጣለች።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ተንፍስ!» አሉት። «ፋይልህ ያውና፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ። የኃላፊው ፊርማ ከሌለ ግን አላወጣም።»

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደ። በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ ኃላፊው ሲጮኹ ተሰማ።

«አሥር ጊዜ ሞከርኩት፣ አልፈታም አለ እኮ!»

ታፈረና ጠባቂው ተያዩ።

«ማነው እሱ?» አለ ጠባቂው። «ሰው ፍቱኝ ብሎ ይለምናል እንጂ አልፈታም ይላል?»

«ምግቡ ተስማምቶት ይሆናል» አለ ታፈረ።

ኮሪደሩን የሚጠርግ ሌላ ታራሚ መጥረጊያውን ጣለ። «እሱ ካልፈለገ ተራውን ለእኔ ይስጡኛ!»

በሩ ተከፈተ። ኃላፊው በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው የተሞነጫጨረ ወረቀት ይዘዋል።

«ኮማንደር፣ ይፈርሙልኝ። መዝገብ ቤት ያሉት ያለ ፊርማ ፋይል አላወጣም አሉ፤ ጸሐፊዋ ያለ ቁጥር አልጽፍም አለች፤ ማኅተም ያዥዋ ያለ ደብዳቤ አልመታም አሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ያለ ማኅተም አልሰጥም አሉ፤ እናቴም እሑድ ትመጣለች።»

«ቆይ፣ ቆይ! የልጄ የቤት ሥራ ሳያልቅ ምንም አልፈርምም። ከሰዓት በኋላ ታስረክባለች፤ ይኸው በስልክ ታለቅሳለች። ሒሳቡ አልፈታም አለኝ!»

«ሒሳብ ነው እንዴ?» አለ ጠራጊው፤ አዝኖ መጥረጊያውን አነሳ።

ታፈረ ፈራ ተባ እያለ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ።

«የአባት ዕድሜ የልጁ ሦስት እጥፍ ነው ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን እጥፉ ብቻ ይሆናል። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? አሁን አንተ ይኼን ምን ታውቃለህ?»

ታፈረ እስክሪብቶ ለመነ። ልጁን «ሀ» አለው። አባቱን «ሦስት ሀ» አለው። በሁለቱም ላይ አሥር አሥር ደመረ። ሚኒስትሪ ሲፈተን እንኳ እንዲህ አላላበውም።

«ልጁ አሥር፣ አባቱ ሠላሳ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሃያና አርባ።»

ኃላፊው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ በስልኩ «ሶስናዬ፣ አሥር ነው!» አሉ። «እኔ አይደለሁም የሠራሁት። እዚህ አንድ የተማረ ሰው አለ።»

ታፈረ የተማረውን ሰው ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ያለው ጠባቂው ነው። ጠባቂውም «እኔ አይደለሁም» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ሒሳቡ ሲፈታ ኃላፊው ፈረሙ፤ ኃላፊው ሲፈርሙ መዝገብ ቤት ያሉት ፋይሉን አወጡ፤ ፋይሉ ሲወጣ ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ጻፈች፤ ደብዳቤው ሲጻፍ ማኅተም ያዥዋ ማኅተሙን ግው አደረጉ፤ ማኅተሙ ሲመታ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሰጡ።

«ጠዋት አይደል የሄድከው? የት ቆየህ?» አሉት።

«ፈተና ላይ ነበርኩ፣ መምህር።»

እሑድ እናቱ እማማ እታገኝ መጡ። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ሆነው ታፈረ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው።

«ታፈረ ደምለው። የስምንተኛ ክፍል ፈተናን አልፏል። ሒሳብ ዘጠና አንድ። አማርኛ ሰባ ስምንት…»

«አማርኛ ምን ነካው?» አሉ እናቱ። «በአማርኛ አይደል ስትጨቀጭቀኝ ያደግከው?»

ጠባቂው ሳቀ። እማማ እታገኝ ግን አልሳቁም፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ አጠገባቸው ቆመው የራሳቸውን ልጅ ወደሚጠይቁት ሴትዮ ዞሩ።

«እህቴ፣ አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ፤ ልጄ ያነባል። በል አንተ፣ እንደገና። ከላይ ጀምር።»

ታፈረ ከላይ ጀመረ። እሱ ያንብብ፤ እኔ ጨርሻለሁ።