እኔማ ምን ከፋኝ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ካሜራ ተሸክማ ከሰው ሰው ስለዞረች ሴት ላጫውታችሁ።

ትርሲት ትባላለች፤ በራሷ አቅም ዘጋቢ ፊልም ትሠራለች። ዳንግላ የመጣችው የሚጥል በሽታ ስላለባቸው ሰዎች ልትቀርጽ ነው። ብዙዎቹ በሐፍረት ተደብቀው ሳይታከሙ ይቀራሉና። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ በመድኃኒት የተሻላቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ካሜራ ፊት ተቀምጠው እንዲያወሩላት።

«እኔማ ምን ከፋኝ» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። «ብቻ ባለቤቴ ካልፈቀደ አልናገርም።»

ባለቤታቸው አቶ ጥሩነህ ልብስ ሰፊ ናቸው። ትርሲት ሱቃቸው ሄደች።

«አባባ፣ ሚስትዎ እርስዎ ካልፈቀዱ አልናገርም አሉ። ይፍቀዱላቸው።»

አቶ ጥሩነህ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «እኔማ ምን ከፋኝ። ብቻ ልጃችን ልታገባ ነው። እሷ እሺ ካላለች አልፈቅድም።»

ልጅቷ ማስተዋል አስተማሪ ናት። ትርሲት ትምህርት ቤት ድረስ ሄደች።

«እህቴ፣ እናትሽ አባትሽ ካልፈቀዱ አልናገርም አሉ፤ አባትሽ አንቺ እሺ ካላልሽ አልፈቅድም አሉ። እሺ በያ።»

«እኔማ ምን ከፋኝ» አለች ማስተዋል አንገቷን ደፍታ። «እጮኛዬ ሙሉቀን የእናቴን ሕመም ያውቃል። ፊልም ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። እሱ ካልተስማማ እሺ አልልም።»

ሙሉቀን ባጃጁን እያጠበ ነበር።

«ወንድሜ፣ እናቷ አባቷ ካልፈቀዱ አልናገርም አሉ፤ አባቷ እሷ እሺ ካላለች አልፈቅድም አሉ፤ እሷ አንተ ካልተስማማህ እሺ አልልም አለች። ተስማማ።»

«እኔማ ምን ከፋኝ። እናቴ ግን አታውቅም፤ ብትሰማ ሠርጉ ይቀራል። እሷ ካልመረቀችው አልስማማም። እኔ እፈራለሁ፣ አንቺው ንገሪልኝ።»

በባጃጁ ወሰዳትና ራሱ በር ላይ ቀረ። እናቱ ወይዘሮ እንጉዳይ በርበሬ ይለቅማሉ።

«እማማ» አለች ትርሲት ድካም እየተጫናት፣ «የሚጥል በሽታ ያለባቸው የምራትዎ እናት፣ ባላቸው ካልፈቀዱ አልናገርም አሉ፤ ባላቸው ልጃቸው እሺ ካላለች አልፈቅድም አሉ፤ ልጅቷ ልጅዎ ካልተስማማ እሺ አልልም አለች፤ ልጅዎ እርስዎ ካልመረቁ አልስማማም አለ።»

ወይዘሮ እንጉዳይ በርበሬውን አስቀምጠው ጓዳ ገቡ። ሲወጡ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘዋል።

«እኔም ያው በሽታ አለብኝ። ልጄ ሕፃን ሳለ ስወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸቱኝ ነበር፤ የተሻለኝ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ነው። የልጄን ሠርግ አበላሻለሁ ብዬ ከሱም ደብቄ እውጠዋለሁ። ለካ እነሱም እኔን ፈርተው ነው?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያም ወደ በሩ ተጣሩ። «ሙሉቀን፣ ግባ። መርቄያለሁ፤ ደግሞ የምነግርህ አለ።»

ሙሉቀን ሰማ፤ ለረጅም ጊዜ የእናቱን እጅ ይዞ ተቀመጠ።

እናቱ መረቁ፣ ሙሉቀን ተስማማ፤ ሙሉቀን ተስማማ፣ ማስተዋል እሺ አለች፤ ማስተዋል እሺ አለች፣ አቶ ጥሩነህ ፈቀዱ፤ አቶ ጥሩነህ ፈቀዱ፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ካሜራው ፊት ተቀመጡ።

«ስሜ ባንቺአየሁ ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ...»

«እኔም አለብኝ» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ወንበር እየሳቡ አጠገባቸው ሲቀመጡ።

ትርሲት አንዲት ሴት እንድትናገር ለምና ሁለት አገኘች። ወሬያቸውን ማስቆሙ ግን አቃታት።