የበሰለው ማንጎ ደጅ ይወጣል

ስሟን ዘመን በበላባት አንዲት የግንብ ከተማ ሐጅ ዘይኑ የሚባሉ ማንጎ ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸውና። ጺማቸው ረጅም ነው፤ ሶብራቸው፣ ትዕግስታቸው፣ ግን ጺማቸውን ሁለቴ ዞሮ ያስረዋል። የሌላው ነጋዴ ማንጎ በሳምንቱ የዝንብ ድግስ ሲሆን፣ የእሳቸው ወር ሙሉ ሳይበሰብስ ይቆያል።

ጎረቤታቸው ኑርሁሴን በዚህ ነገር እርር ድብን አለ። በጓዳቸው ግድግዳ ስንጥቅ ሲያጮልቅ ከርሞ አንድ ዐይኑ ከሌላው ቀድሞ አረጀ። ያየውን ሁሉ ቀዳ። በሁለት የቀርከሃ ግድግዳ መሃል ከሰል ሞላ፤ ጧት ማታ ውሃ አርከፈከፈበት። ነፋሱ በእርጥቡ ከሰል ሲያልፍ ጓዳው ከመቀዝቀዙ የተነሳ አይጦቹ ጋቢ አማራቸው። ጥሬ ማንጎ አስለቅሞ እስከ ጣሪያ ከመረ። ረመዷን ሲገባ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ፆመኛው ማፍጠሪያ ሲያጣ፣ ያኔ በሩን ከፍቶ ዋጋውን ሚናራ ላይ ሊሰቅል!

አንድ ነገር ብቻ አይቶ ናቀ። ሐጅ ዘይኑ በየቀኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ማንጎውን እያሸተቱ፣ የበሰለውን እየለዩ መስጊድ ደጃፍ ላሉ ሚስኪኖች ያድሉ ነበር። «ይሄስ የሽማግሌ ሞኝነት ነው» አለ ኑርሁሴን።

በረመዷን ሦስተኛው ቀን ጓዳውን ከፈተ። ሰይጣን በረመዷን ባይታሰር ኖሮ ከዚያ ሽታ አፍንጫውን ይዞ አገር ጥሎ በሄደ ነበር! ማንጎው ሁሉ ጭቃ ሆኗል።

ኑርሁሴን ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት፣ የሚወጣውን ጀመዓ መንገድ ላይ አቆመው።

«ሲሕር ተሠራብኝ፣ ድግምት! ከሰሉ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ዛፉ አንድ! የሐጅ ዘይኑ እንዳለ፣ የኔ ጭቃ?»

«እውነቱን እኮ ነው» አለ አንዱ። «የሳቸው መቼ በስብሶ ያውቃል?» የሰው ዐይን ወደ ሽማግሌው ዞረ። አንዳንዱ ጓዳቸውን ሊያፈርስ ድንጋይ አነሳ።

ሐጅ ዘይኑ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ሲሕር አልክ? በፆም አፍህ? ስድሳ ዓመት የሰገድኩበት ደጅ ላይ? ና ምራኝ!»

ጀመዓውን አስከትለው ወደ ኑርሁሴን ጓዳ ገቡ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ከተው አንድ የጠቆረ ማንጎ አወጡ።

«ይሄ የበሰለ ጊዜ ሽታው አልመጣልህም?»

«መጥቶልኛል፣ ሐጅዬ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣኸውም?»

ኑርሁሴን መሬት መሬት አየ። «ያው... እስኪወደድ ብዬ።»

«ማንጎ ብቻውን አይበስልም፤ የበሰለው ትንፋሹ ጥሬውን ያበስለዋል። ሚስኪኖቹን እኔ የምጦራቸው መስሎህ ነበር? ጓዳዬን የሚጠብቁልኝ እነሱ ናቸው!»

ድንጋይ የያዘው ሁሉ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ጣለ። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲደርስ ሐጅ ዘይኑ የበሰለውን አወጡና የመጀመሪያውን ለኑርሁሴን ሰጡ። እሱም እንባውንና ማንጎውን አንድ ላይ እየዋጠ አፈጠረ።

«ልጄ» አሉት፣ «የደረሰውን ስጥ፤ ያልደረሰው ይቆይልሃል።»

እኔን የሚያንገበግበኝ የኑርሁሴን ማንጎ አይደለም፤ እሱስ ተውበት አድርጓል፣ ተጸጽቶ ተመልሷል። ድሃው በውሃ ብቻ እያፈጠረ፣ የበሰለ ሪዝቁን፣ ሲሳዩን፣ ቆልፎ «አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቶልኛል» የሚለው ባለጸጋ ነው። ወንድሜ፣ ቁልፍ ሌባን ይከለክል ይሆናል፤ ሽታን ግን አይከለክልም። እኛ ውጭ ያለነው ከሸተተን ቆየ!