ከዐሥር ሰባት

ናሁሠናይ በአንድ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምራል። አንድ ቀን ወደ ቀድሞ መምህሩ ቤት ሄዶ፣ «ጋሼ፣ እኔ ኤ የምሰጠው ለጥቂቶች ነው። ሌላው ኮሌጅ ኤ ይበትናል። የእኔ ተማሪዎች ከሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ይመለሳሉ። በደልኳቸው ይሆን?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው እንዲህ ብለው ጀመሩ፦

አንዲት ሴት ነበረች። የእናቷ ክንድ ተሰብሮ፣ ሙያውን የማያውቅ ሰው አጣሞ ስላሰረው፣ እናትየዋ ዕድሜ ልኳን እንስራ ማንሳት አቅቷት ኖረች። ልጅቱም ከዚያ ወዲህ ወጌሻ ከመሆን በቀር ምኞት አልነበራትም። በአገሩ ስሙ የገነነ ወጌሻ ነበረ፤ በየዓመቱ አንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ይቀበላል። እሱ ዘንድ ለመግባት አስቀድሞ ከሌላ መምህር ተምሮ፣ ከዐሥር ስንት እንደተገኘ የሚናገር ወረቀት ይዞ መቅረብ ግድ ነው።

ከወንዙ ማዶ ያለው መምህር ለመጣው ሁሉ ዐሥር ይሰጣል። ወዲህ ያለው ግን ዐሥር ሰጥቶ አያውቅም። ልጅቱ የተማረችው ከወዲህኛው ነው። ዓይኗን ጨፍና የበግ እግር ብትዳስስ ስብራቱን በጣቷ ታገኘዋለች። ስትጨርስ መምህሯ ሰባት ጻፈላትና፣ «ከዚህ በላይ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አላት። ደስ ብሏት ሄደች።

ወጌሻው ወረቀቶቹን ደርድሮ ዐሥር ካገኙት አንዱን መረጠ፤ የቀሩትን አሰናበተ። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ወደ ወጌሻው ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር እየተቀመጠች፣ በቃሬዛ የሚያልፉትን ስብራተኞች ታይ ጀመር። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ቀን መምህሯ በዚያ ሲያልፍ አገኛት።

«ምን ታያለሽ?»

«የሚያልፉትን ነው፣ የኔታ። ያ ሰውዬ ቅልጥሙ ነው የተሰበረው። አጥብቀው አስረውታል፤ እግሩ ይጠቁርበታል።»

መምህሩ ያስቀራት እሱ የጻፈላት ሰባት መሆኑ ገባው። ወደ ቤቱም አልተመለሰ፤ ዳገቱን ወጥቶ ወጌሻው ደጅ ደረሰ። «በእኔ ቤት ሰባት ማለት ምን እንደሆነ ልነግርዎ መጣሁ» አለ።

ወጌሻው ሰምቶ አዘነ። «ወረቀቱ የሚለው ሰባት ብቻ ነው። እርስዎ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለው።

በሦስተኛው ዓመት ገባች። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን የመለሰላት የለም።

ሽማግሌው ወደ ናሁሠናይ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ መምህር አንተ ነህ። አጥብቀህ ማረምህ በደል አይደለም፤ ለሁሉም ኤ ብትበትን ያልበሰለ እጅ በሽተኛ ላይ ይወርዳል። የሕክምና ትምህርት ቤቱ መራጮች ግን አንተን አያውቁህም፤ የሚያዩት ፊደሉን ነው። ቢ ሰጥተህ ዝም ብለህ ቤትህ ከገባህ፣ ያኔ በደልክ። የአንተ ቢ ምን ያህል እንደሚመዝን ጽፈህ ላክላቸው፤ ካልሰሙህ ሄደህ ንገራቸው። ከተመለሱት መካከል ዛሬም ደጁን ደጁን የምታይ ልጅ ታውቃለህ?»

«አንዷን አውቃለሁ» አለ ናሁሠናይ።

«እንግዲያው ከእሷ ጀምር።»